የመኪናን አፍንጫ መሬት ላይ ማቆየት፦ የፊት የአየር ክፍሎች አመራረጥ በአዲስ አበባ ከፍታ

(በጉለሌ ክፍለ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። ባለፈው ሴሚስተር የፈሳሽ ሜካኒክስ ትምህርት ካበቃ በኋላ ሦስት ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ «መምህር፣ የስፖርት መኪና ሲፈጥን ፊቱ እንዳይቀል የትኛውን ዕቃ ብንገጥም ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። የጠበቁት የአንድ ዕቃ ስም ነበር። ስሙን ነግሬ ልሸኛቸው እችል ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለዚሁ ጥያቄ ቀረብ ላለ ጥያቄ በአንድ ቃል መልስ ሰጥቼ ተጸጽቼበታለሁ፤ ስለዚህ በቂ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። ይህ ምሽት የዚያ ልመና ውጤት ነው።

የተጸጸትሁበትን ነገር በቅድሚያ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ሁለት በር ያላት ያገለገለች የጃፓን መኪና ገዛ። አንድ እሑድ ቤቴ ይዟት መጣ። ከኋላ ኮፈኗ ላይ ሰፊ ክንፍ ተተክሏል፤ ከፊት ፓራውልቷ ሥር ደግሞ ጥቁር ቀለም የተቀባ የፋይበር ግላስ ከንፈር ተለጥፏል። «አጎቴ፣ እንዴት ናት?» አለኝ። «አምሮባታል» አልሁት። በኤሮዳይናሚክስ የዶክትሬት ማዕረግ ያለኝ ሰው ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ከንፈሩ በምን እንደ ተያዘ አላየሁም። ሳምንታት ቆይቶ፣ በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ የከንፈሩ ግራ ጫፍ ተገንጥሎ ወደ ኋላ ታጠፈና ከፊት ጎማው ሥር ገባ። መኪናዋ የመንገዱን ብረት አጥር ሁለት ጊዜ መታች። አብሮት የነበረው ጓደኛው ምንም አልሆነም፤ የእርሱ ቀኝ ክንድ ተሰበረ። ክንዱ ድኗል፤ ነገር ግን በጠመዝማዛ መንገድ ላይ መሪ ሲያዞር አሁንም ትከሻውን ያግዘዋል።

ለምን እንደ ተገነጠለ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን መኪና ከቶ ለምን እንደሚነሣ እንመልከት።

ከጎን ስታዩት የተለመደ መኪና ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ የጎበጠ ነው። በላይ የሚሄደው አየር ከኮፈኑ ጠርዝና ከጣሪያው ጉብታ ጋር አብሮ መታጠፍ አለበት። አየርን ለማጠፍ ደግሞ ከታጠፈበት ውስጠኛ በኩል ያለው ግፊት ከውጨኛው ማነስ ይኖርበታል። ስለዚህ በኮፈኑ ጫፍና በጣሪያው ላይ መሳብ ይፈጠራል። (በየመጽሐፉ «የላዩ አየር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ከታቹ ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል» የሚል ማብራሪያ ታገኛላችሁ። እኩል እንዲደርስ የሚያስገድደው ምንም ሕግ የለም። በፈተና ወረቀት ላይ ይህን የጻፈ ተማሪ ከእኔ ነጥብ አያገኝም።) ይህ የላዩ ታሪክ ነው። ከታች ያለው ግን ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። በፓራውልቱ ሥር የሾለከው አየር፣ በራዲያተሩ በኩል የገባው አየር፣ ጎማዎቹ እየቀዘፉ የሚያስገቡት አየር፣ ሁሉም በሞተሩ ክፍልና በጎማ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይታጨቃል። በቀላሉ መውጫ አያገኝም። የታጨቀ አየር ደግሞ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ኮፈኑን ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ ይሳባል፣ ከታች ይገፋል፤ ሁለቱ ተባብረው የፊት ጎማዎችን ጭነት ይቀንሳሉ። መሪውም ይቀላል። አሽከርካሪው «መኪናው ተንሳፈፈ» የሚለው ይህንኑ ነው።

በዚህ ከተማ ይህን ስሜት ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት የቮልስ ባለቤቶች ይመስሉኛል። ቮልስዋገን ቢትል ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከ800 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደቷ ፊቷ ላይ የሚያርፈው ወደ 40 በመቶው ብቻ ነው። ቅርጿ ከጎን ሲታይ ግማሽ የክንፍ ገጽ ይመስላል። ሜዳ ላይ በጎን የሚመጣ ነፋስ ሲያገኛት መሪዋ ምን ያህል እንደሚባባ የነዳት ያውቃል። ቮልስን የቀረጸው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የተሠራው የመጀመሪያው ፖርሼ 356 ብዙ ክፍሎቹን የወሰደው ከእርሷ ነበር። በ1963 ለሕዝብ የታየው 911ም ሞተሩን ከኋላ አድርጎ የቮልስን ባሕርይ ወርሷል። ልዩነቱ 911 በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጡ ነው።

ለተማሪዎች ደጋግሜ የማስተምረው የምሕንድስና ታሪክ ይህ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ መሐንዲሶቹ የ911ን ፊት ለማክበድ በፊት ፓራውልቱ ሁለት ጫፎች ውስጥ እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ የብረት ክብደቶች ደበቁ። አዎ፣ ብረት! የስፖርት መኪና ለማቅለል ሌት ተቀን የሚደክም ፋብሪካ 22 ኪሎ ግራም ድፍን ብረት ጫነበት። አትሳቁ፤ ለጊዜው ሠርቷል። ነገር ግን ክብደት በሁሉም ፍጥነት አንድ ነው፤ የማንሳት ኃይል ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። በ60 ኪሎ ሜትር የበዛ ብረት በ200 ያንሳል። ስለዚህ በ1972 የምርት ዘመን የ911 ኤስ ሞዴል ከፓራውልቱ ሥር ወደ ታች የወረደ ዝቅተኛ የአየር ግድብ ይዞ መጣ። ከዚያም በጥቅምት 1972 በፓሪስ ትርዒት የቀረበው ካሬራ አርኤስ 2.7 በኋላ ኮፈኑ ላይ የዳክዬ ጭራ የሚመስለውን ጠርዝ ጨመረ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ፊቱ ከተያዘ በኋላ ኋላውም መያዝ ነበረበት።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ፤ ያለ ቁጥር ይህ ውይይት የፋሽን ውይይት ይሆናል። የማንሳት ኃይል የአየር እፍጋት ግማሽ፣ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ፣ ሲባዛ በመኪናው የፊት ገጽ ስፋት፣ ሲባዛ በማንሳት ኮፊሸንት ነው። የፊት ገጹ 2 ሜትር ካሬ፣ የፊት አክስሉ የማንሳት ኮፊሸንት 0.15 የሆነ መኪና ለምሳሌ እንውሰድ። በባሕር ወለል የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ፊቱ ላይ 204 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 21 ኪሎ ግራም የሚሆን ጭነት ይጠፋል። በ200 ኪሎ ሜትር 58 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

እኛ ግን የምንኖረው ባሕር ወለል ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ በመደበኛ ቀን የአየሩ እፍጋት 0.92 ገደማ ነው። ከባሕር ወለሉ አንድ አራተኛ ጎድሏል። ከዚህ ተነሥታችሁ በሽሮ ሜዳ በኩል እስከ እንጦጦ የሥነ ፈለክ ማዕከል ብትወጡ፣ ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋልና እፍጋቱ ወደ 0.84 ይወርዳል። ያው መኪና በአዲስ አበባ በ120 ኪሎ ሜትር የሚያጣው 21 ሳይሆን 16 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በባሕር ዳርቻ በ120 የሚሰማውን የአየር ግፊት እዚህ ለማግኘት 138 መንዳት ያስፈልጋል። አድርጉ እያልሁ አይደለም።

ይህ የምስራች ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ችግሩ ቀጭን አየር የሚቀንሰው ክፉውን ብቻ አለመሆኑ ነው። የገጠማችሁት ዕቃ የሚሰጠው ወደ ታች የመጫን ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የሻጭ ማስታወቂያ «ይህ ዕቃ በ200 ኪሎ ሜትር 30 ኪሎ ግራም ይጭናል» ይላል እንበል። እውነት ነው ብለን እንመነው። ቁጥሩ የተገኘው በባሕር ወለል አየር ከሆነ፣ በአዲስ አበባ በዚያው ፍጥነት 22 ኪሎ ግራም ተኩል ይሆናል። ማንም በሕግ ሊነዳበት በሚችለው በ120 ደግሞ 8 ኪሎ ግራም። ማስታወቂያው አልዋሸም፤ የገዢው ኪስ ግን ለ30 ኪሎ ግራም ከፍሏል።

ዓለም ይህን ያውቃል። የፎርሙላ አንድ የሜክሲኮ ሲቲ መሮጫ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ያለ፣ በውድድሩ ከፍተኛው ነው፤ አዲስ አበባ ከእርሱም ትበልጣለች። ቡድኖቹ እዚያ በጣም የሚጫነውን ትልቁን ክንፍ ይገጥማሉ፤ የሚያገኙት ኃይል ግን በጣሊያኑ ሞንዛ በትንሹ ክንፍ ከሚያገኙት ብዙም አይርቅም። በአሜሪካ የፓይክስ ፒክ ተራራ ውድድር መነሻው 2,862 ሜትር ላይ ነው፤ የእኛን እንጦጦ አስቡ። ፍጻሜው 4,302 ሜትር ነው። በ2018 ሮማን ዱማ በኤሌክትሪኩ ቮልስዋገን አይዲ አር ያን መንገድ በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ የጨረሰበትን መኪና ፎቶግራፍ ተመልከቱ፤ ክንፎቹ ከመኪናው ጋር የማይመጣጠኑ ይመስላሉ። ለዓይን አይደለም፤ አየሩ ስለሳሳ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ እህቴ ልጅ መኪና ልመልሳችሁ። አደጋው ከደረሰ በኋላ የተረፈውን አካሏን ለካሁ። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2.6 ሜትር ነው። ክንፉ ከኋላ አክስሉ 70 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተተክሏል። ስፋቱንና አቀማመጡን ይዤ ሳሰላ በ120 ኪሎ ሜትር 120 ኒውተን ገደማ ወደ ታች ይጫናል። መልካም ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከኋላ አክስሉ ኋላ የተጫነ ነገር የኋላ ጎማውን መደገፊያ አድርጎ ፊቱን ያነሣል፤ ሕፃናት በግንድ ላይ ሳንቃ አጋድመው ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው እንደሚጫወቱት። 120 ሲባዛ በ0.7፣ ሲካፈል ለ2.6፦ 32 ኒውተን ከፊት ተቀነሰ። ክንፉ ከፍ ብሎ የሚጎትተው የአየር ተቃውሞም ወደ 12 ኒውተን ጨመረበት። በጠቅላላው 4 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ። መኪናዋ ሞተሯ ከፊት፣ የምትነዳውም በፊት ጎማ ነው። የሚነዳውን፣ የሚያዞረውንና አብዛኛውን ፍሬን የሚይዘውን ጎማ የሚያቀል ክንፍ ገንዘብ ከፍሎ አስተከለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሐቁን መናገር አለብኝ፤ እርሱን ለአደጋ የዳረገው ይህ 4 ኪሎ ግራም ተኩል አይደለም። ወደ 700 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭነት ካለበት ፊት ላይ ይህ በ120 ብዙም አይታወቅም። ያደረሰው የከንፈሩ አያያዝ ነው። ከንፈሩ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነበረው። ከፊት የአየሩ ሙሉ ግፊት ያርፍበታል፤ ከኋላው ደግሞ መሳብ አለ። ሁለቱ ተደምረው በ120 ኪሎ ሜትር ወደ 100 ኒውተን፣ ማለትም 10 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት ያለ ማቋረጥ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህን ሁሉ የያዙት በፓራውልቱ ፕላስቲክ ውስጥ የገቡ አራት አጫጭር ብሎኖች ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ በየሰፈሩ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስንት ጊዜ ገጭቶ ይሆን? ሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች ቀድሞ መሰንጠቃቸውን በስብራቱ ላይ የደረቀው ጭቃ ይመሰክር ነበር። ጎንበስ ብል ኖሮ አየው ነበር።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ገበያ ላይ የሚገኙት የፊት ዕቃዎች በስም ይበዛሉ፤ በሥራቸው ግን ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የአየር ግድብ ነው፤ ከፓራውልቱ ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ ሰሌዳ። ሥራው አየሩ ወደ መኪናው ሆድ እንዳይገባ መከልከል ነው። ወደ ሆድ የሚገባው ሲያንስ ከሥር የሚታጨቀው ያንሳል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ከግድቡ ኋላ የሚፈጠረው መሳብ በራዲያተሩ የገባውን አየር ወደ ታች ስቦ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ስፕሊተር ነው፤ ከግድቡ ግርጌ ወደ ፊት እንደ ምላስ የሚወጣ አግድም ሰሌዳ። ከላዩ በመኪናው አፍንጫ ላይ የቆመው አየር ይጫነዋል፤ ከሥሩ የሚፈጥነው አየር ይስበዋል። ከሁሉም ይበልጥ ኃይል የሚሰጠው እርሱ ነው። ዋጋውን ሁሉ የሚያገኘው ግን ለመሬት ቅርብ ሲሆን ነው፤ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ጌጥ ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ከቀረበ ደግሞ በመሬቱና በሰሌዳው መካከል አየሩ ይታፈንና ኃይሉ ድንገት ይወድቃል። ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው ዝቅ ይላልና ይህ የሚሆነው ኃይሉን በምትፈልጉበት በዚያች ቅጽበት ነው።

በፓራውልቱ ማዕዘኖች ላይ የሚለጠፉትን ትንንሽ ክንፎች፣ ካናርዶቹን፣ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ጥቂት ይጫናሉ፣ ብዙ ይጎትታሉ፤ ሚዛን ለማስተካከል መጨረሻ ላይ የሚነኩ ነገሮች ናቸው እንጂ መጀመሪያ የሚገዙ አይደሉም። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚገዙት እነርሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ይታያሉ።

የማይታየው፣ እኔ ግን የምወደው፣ መተንፈሻ ነው። በጎማ ጉድጓዱ ላይና ከራዲያተሩ ኋላ በኮፈኑ ላይ መውጫ መክፈት። ችግሩ የታጨቀ አየር ከሆነ መፍትሔው በር መክፈት ነዋ! ነገር ግን ቦታው ወሳኝ ነው። በኮፈኑ የፊት ሦስተኛ ክፍል ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አየሩ ይወጣል። ከፊት መስታወቱ ሥር ብትከፍቱት ግን እዚያ ግፊቱ ከፍተኛ ነውና አየሩ በመውጣት ፈንታ ይገባል። ብዙ መኪኖች ላይ ቀዳዳው የተከፈተው እዚያ ነው።

አሁን የእኛ ከተማ የምትጨምረው ነገር አለ። አንዳንዶች የማንሳት ኃይሉን ለመቀነስ የፊት ግሪሉን በከፊል ይዘጋሉ። በባሕር ዳር አገር ይህ ብልሃት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር ክብደት አስቀድሞ በአንድ አራተኛ ቀንሷል፤ ክዳኑ በደንብ ካልያዘ ውሃው 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ ፍጥነት የለም፤ የሚያቀዘቅዝ ነፋስም የለም። በተፈጥሮ የሚተነፍስ ሞተር እርሱም አየር ስላነሰው ሙቀቱ አብሮ ይቀንሳልና ይተርፍ ይሆናል። ተርቦ ያለው ሞተር ግን ኃይሉን ብዙም ስለማያጣ ሙቀቱም አይቀንስም፤ የተዘጋው ግሪል ያኔ ያስከፍላል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ግሪል ዘግቶ ማንሳትን መቀነስ አልመክርም።

ስፕሊተሩን ከመረጣችሁ ደግሞ የሳንቃውን ሒሳብ በሌላ አቅጣጫ ሥሩት። ከፊት አክስሉ 80 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ 130 ኒውተን የሚጫን ስፕሊተር ለፊት አክስሉ የሚሰጠው 130 ሳይሆን 170 ኒውተን ነው። ትርፉ 40 ኒውተን የመጣው ከኋላ አክስሉ ነው። በምሳሌያችን የፊቱ ማንሳት 153 ኒውተን ስለነበር ከነትርፉ ጠፋ፤ ፊቱ ጥሩ ያዘ፤ ኋላው ግን ቀለለ። መኪናው መሪ ሲዞር አፍንጫው ወዲያው ይታዘዛል፣ ጅራቱ ግን ይከዳል። ለተራ አሽከርካሪ ፊቱ ከሚንሸራተት መኪና ይልቅ ጅራቱ የሚንሸራተት ይከፋል። በ1998 የወጣው የመጀመሪያው አውዲ ቲቲ በጀርመን ፈጣን መንገዶች ላይ አደጋዎች ከደረሱበት በኋላ አምራቹ የተሸጡትን መኪኖች መልሶ በመጥራት የኋላ ጠርዝ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያና የተለወጡ የእገዳ ክፍሎች እንዲገጠሙላቸው ያደረገው በዚሁ የኋላ መቅለል ምክንያት ነው። ፊትን ብቻ ማከም አንድ እግር ብቻ ጫማ እንደ ማድረግ ነው።

ስለ ፊት ማንሳት የሚናገር ሰው ከማያልፈው ታሪክ አንዱ በሰኔ 1999 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ለማን የደረሰው ነው። መርሴዲስ ሲኤልአር የተባለው መኪና ከአክስሎቹ ውጭ ፊትና ኋላው የረዘመ፣ በአክስሎቹ መካከል ግን አጭር ነበር። ሐሙስ ዕለት ማርክ ዌበር ይነዳው የነበረው መኪና አፍንጫው ተነሥቶ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ተጠገነ። ቅዳሜ ጠዋት በማሟሟቂያው ዌበር በድጋሚ ተገለበጠ። መሐንዲሶቹ በቀሩት ሁለት መኪኖች ፊት ላይ ካናርዶችን ጨመሩ፤ ሾፌሮቹም ሌላ መኪና በቅርብ እንዳይከተሉ ተነገራቸው። ከሰዓታት በኋላ በውድድሩ ላይ የፒተር ደምብሬክ መኪና ከመንገዱ ተነሥቶ በአየር ላይ እየተገላበጠ አጥሩን አልፎ በዛፎቹ መካከል ወደቀ። ሦስቱም ጊዜ ሾፌሮቹ በሕይወት ተረፉ።

ይህን ያነሣሁት ካናርድን ለማውገዝ አይደለም። የተለጠፉት ካናርዶች መኪናው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያለውን ሚዛን አሻሽለው ይሆናል። ችግሩ ግን የመጣው መኪናው ቀጥ ባላለበት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ጉብ ሲል፣ ከፊት ያለው መኪና አየሩን ሲያውከው። አፍንጫው በጥቂት ዲግሪ ቀና ሲል ሆዱ በሙሉ እንደ ክንፍ ተጋለጠ። ያኔ የኃይሉ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታም ወደ ፊት ሸሸ። ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ «በቀጥታ መንገድ ስንት ይጭናል?» ከማለት ይልቅ «አፍንጫው ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀና ቢል ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሸጠው ሰው መልስ ከሌለው እናንተው ለኩ።

እንዴት እንለካለን? «የነፋስ ዋሻ የለንም» የሚለውን ቅሬታ ከእናንተ በፊት እኔ ብዙ ዓመት አሰምቻለሁ። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ሦስት ርካሽ መሣሪያዎች ይበቃሉ።

አንደኛው ክር ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በቅርባችን ናቸው። ነጭ የጥጥ ማግ በጣት ርዝመት ቆራርጣችሁ በኮፈኑ፣ በፓራውልቱና በጎማ ጉድጓዱ ዙሪያ በፕላስተር ለጥፉ፤ ከሌላ መኪና ሆናችሁ ቪዲዮ አንሡ። ክሩ ተኝቶ ከተዘረጋ አየሩ ተጣብቆ ይሄዳል፤ ከተርገፈገፈና ወደ ፊት ከዞረ አየሩ ተላቋል። መተንፈሻ ልትከፍቱበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ ክሩ ምን እንደሚያደርግ ሳታዩ ኮፈን አትብሱ።

ሁለተኛው የውሃ ቱቦ ነው። ሆስፒታል ለጉሉኮስ የሚጠቀሙበትን ዓይነት ቀጭን ግልጽ ቱቦ በዩ ቅርጽ ሰሌዳ ላይ አስራችሁ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ሙሉበት። በአዲስ አበባ አየር በ80 ኪሎ ሜትር የአየሩ ሙሉ ግፊት 23 ሚሊ ሜትር፣ በ120 ደግሞ 52 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ ነው፤ በዓይን ይነበባል። አንዱን ጫፍ በሞተሩ ክፍል፣ ሌላውን በኮፈኑ ላይ አድርጉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኮፈናችሁን የሚያነሣው ነገር ራሱ ነው። ግድቡን ገጥማችሁ ልዩነቱ ካልቀነሰ ግድቡ አልሠራም፤ ክርክር አያስፈልግም። ውሃው እንዲረጋ መንገዱ ሜዳ፣ ፍጥነቱም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ንባቡንም የሚይዘው ሾፌሩ አይሁን።

ሦስተኛው የሞላው ርዝመት ነው። የፊት ሞላዎቹ ድምር ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 40 ኒውተን ከሆነ፣ 153 ኒውተን ማንሳት አፍንጫውን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሣዋል። በሌዘር መለኪያ በአንዱ አቅጣጫና በተቃራኒው ደጋግማችሁ ብትወስዱትና አማካዩን ብትይዙ ይገኛል። ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሦስቱም አድካሚው ይህ ነው፤ ግን የፊትና የኋላን ሚዛን ለየብቻ የሚነግራችሁ እርሱ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለሌላ ትራፊክ በተዘጋ ቦታ፣ በፈቃድ ነው። የፍጥነት መንገዱ ላቦራቶሪ አይደለም። በነገራችን ላይ ወደ አዳማ ስትወርዱ አየሩ እየወፈረ የአየር ኃይሎች ሁሉ በ7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምሩ፣ እዚህ የለካችሁት እዚያ በቀጥታ አይሠራም።

በዚህ ሁሉ መሠረት፣ በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ለሚሄድ የስፖርት መኪና እኔ የምመርጠው ይህ ነው፦ ከጎማ ላስቲክ የተሠራ፣ ጉብታ ሲነካው የሚታጠፍና የሚመለስ፣ ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከሻንሲው ብረት ጋር በድጋፍ የታሰረ ዝቅተኛ የአየር ግድብ። ከዚያም አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ከራዲያተሩ ኋላ መተንፈሻ። ስፕሊተር ለመሮጫ ሜዳ ይቆይ፤ ከተገጠመም ከግራና ከቀኝ በሽቦ ተወጥሮ፣ ሰው ቆሞበት የማይሰበር ይሁን። ኋላውም አብሮ ይለካ። ከዚህ የተለየ ምርጫ ያለው ባለሙያ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ከፊታችሁ አነባለሁ፤ በጥያቄው ጊዜ እንከራከራለን።

የእህቴ ልጅ መኪናዋን ጠግኖ ክንፉን አስወልቋል። ግድቡን እኔና እርሱ ሠራነው፤ የላስቲኩን ቁራጭ ከመርካቶ ገዝተን፣ ድጋፉን ጉለሌ ውስጥ አንድ ብረት ሠራተኛ በየደልን። ከመግጠማችን በፊትና ከገጠምን በኋላ የቱቦውን ውሃ ለክተናል። በ80 ኪሎ ሜትር በኮፈኑ በላይና በታች የነበረው ልዩነት ከ14 ሚሊ ሜትር ወደ 9 ወርዷል። ትንሽ ቁጥር ናት፤ ግን የእኛ ናት። የሚቀረን የኋላውን ሞላ መለካት ነው፤ እርሱን ገና አልጨረስነውም።

መኪናዋን ዛሬ ይዟት መጥቷል፤ በራፉ ላይ ቆማለች። ክሮቹ እንደ ተለጠፉባት ናቸው። ከጥያቄና መልሱ በኋላ የእጅ ባትሪ ያላችሁ ጎንበስ ብላችሁ የግድቡን ድጋፍ እንድታዩልኝ እጠይቃለሁ፤ የግራውን ብየዳ በተለይ።